ቀይ ከሆነ እኛ ጋ

እኛ አገር ሰው የባንክ ምስጢር ቁጥሩን ሊነግራችሁ ይችላል፤ የረግረግ እንጆሪ የሚለቅምበትን ቦታ ግን ለገዛ ሚስቱም አይናገርም። ፍሬዋ ራሷ ኩሩ ናት። በነሐሴ ለጥቂት ቀናት ብቅ ትላለች፤ ላልማሽ ቢሏት እምቢ ትላለች፤ የምትወደው ረግረግ፣ ትንኝና ብቸኝነት ነው። ከሌላው ፍሬ ሁሉ በተቃራኒ ጥሬ ሳለች ነው ቀይ የምትሆነው፤ ያኔ ጠጠር ናት። ስትበስል ቅላቷ ይለቃትና የማር መልክ ይዛ ትለሰልሳለች። በገና እራት ላይ ከተመታ ክሬም ጋር ካልቀረበች ደግሞ ገና አልመጣም።

ስለዚህ አባት ቦታውን ለልጁ የሚናገረው አልጋ ላይ ሲወድቅ ነው። አንዳንዱም ሳይናገር ይዞት ይሞታል። ቀብሩ ላይ ከሚያለቅሱት ግማሾቹ የሚያለቅሱት ለቦታው ነው።

አያቴ ቶርላይፍ የእነዚህ ሰዎች አለቃ ነው።

ያን ነሐሴ እኔ ስድስት ዓመት ተኩሌ፣ ወንድሜ ኤስኪል አራት ዓመቱ ነበር። እንደ ልማዳችን ከምንኖርባት ከተማ ከትሮንድሄም ተነስተን ሐይቁ ዳር ወዳለው የአያቴ ቤት መጥተናል። ከምሳ በኋላ እኔና ኤስኪል ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ገብተን በድንች ልጣጭ ባቡር እንሠራለን። እናቴ ሳህን ታጥባለች፣ አባቴ ያደርቃል።

«አባዬ አምና ያመጣውን አይተኸዋል አይደል?» አለች እናቴ። «ሙሉ ባልዲ ቀይ! ጠጠር! ከዚያ ደግሞ ‹ውርጭ ቀድሞኝ ነው› ይለኛል።»

«ቀድሞት ይሆናላ።»

«ስታይናር፣ አምና ምን ውርጭ ነበረ? በቁምጣ አይደል እንዴ የዋልከው? ስማኝ፣ ዘንድሮም ቀይ ይዞ ከመጣ አለቀ። ቤቱ ይዘጋል፣ ጀልባዋ ትሸጣለች፣ አባዬ እኛ ጋ ይገባል።»

«የት ይተኛል?»

«ልጆቹ ክፍል ነዋ።»

ከጠረጴዛው ሥር የልጣጩን ባቡር አቆምኩ። የገባኝ እንዲህ ነበር፦ ትልልቆቹ ውርርድ ይዘዋል። ባልዲው ቀይ ከሆነ አያቴን እንወስደዋለን፤ ቢጫ ከሆነ እዚሁ ይቀርብናል። አያቴ እኛ ክፍል! ማንኮራፋቱ እንደ መርከብ ነው፤ ከጥርሱ አንዱን አውልቆ ይመልሰዋል፤ ከጆሮው ሳንቲም ያወጣል። በልቤ ወዲያው ለቀይ ወገንኩ።

ዛሬ ሳስበው የእናቴ ድምፅ የተወራራጅ ድምፅ አልነበረም። አንዱን ሳህን ሦስቴ ነበር ያጠበችው።

በማግስቱ ጠዋት አያቴ ሁለት ባልዲ፣ አንድ የኮኮዋ ፔርሙዝና ቡናማ አይብ የተቀባ ዳቦ አዘጋጅቶ በረንዳ ላይ ቆመ። አባቴም ጫማውን አጥልቆ መጣ። አባቴ የበርገን ሰው ነው፤ የበርገን ሰው ሲተነፍስም ያወራል።

«አባባ፣ እኔም ልምጣና ባልዲውን ልያዝልዎ።»

«ወዴት ነው የምትመጣው ልጄ? እኛ ዓሣ ልናጠምድ ነው።»

«በባልዲ?»

«ትልቅ ዓሣ ነው።»

እናቴ ከበሩ ብቅ አለች። «አባዬ፣ ሁለት ልጅ ብቻህን ይዘህ?»

«ማን ነው ይዞ የሚሄደው? እነሱ ናቸው እኔን የሚወስዱኝ» አለ፤ ሁላችንም ሳቅን።

ቀልድ መስሎን ነዋ። አያቴ በዕድሜው ሙሉ እንደዚያ ጠዋት ቁርጥ ያለ እውነት ተናግሮ አያውቅም። ዓይኖቹን የዓይን ሞራ ሸፍኗቸው ነበር። ዓለም ለእሱ በወተት እንደ ተሞላ ብርጭቆ ሆናለች፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለም። ትልቅ ሰው ይዞ ቢሄድ ቦታው ይታወቅበታል። ብቻውን ቢሄድ እንዳምናው ቀይ ይለቅማል፣ ቤቱንም ጀልባዋንም ያጣል። ሕፃን ግን ያያል፣ አያስታውስም። ይህን ስሌት ያሰላው በወራት በረዶ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ መሆን አለበት። በአንድ ነገር ብቻ ተሳስቷል፤ ሕፃኗ እኔ ነበርኩ።

የመንሳፈፊያ ሰደሪያችንን አስሮልን ጀልባዋን ገፋ። ቀዛፊ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ነው የሚቀዝፈው፤ ስለዚህ እኔን ከፊት አስቀመጠኝ።

«ካፒቴን አንቺ ነሽ። ሕጉ ይሄ ነው፤ እኔ የምጠራውን ነገር መጀመሪያ ያየ አንድ ቁራሽ ቸኮላት።»

«እኔስ?» አለ ኤስኪል።

«አንተ የመርከቡ ሐኪም ነህ። ሐኪም ሲታመም ብቻ ነው የሚበላው።»

«አሞኛል» አለ ኤስኪል፤ ወዲያው ተከፈለው።

ውሃው ፀጥ ብሎ ነበር፤ ከመቅዘፊያው ጫፍ የሚንጠባጠበው ጠብታ ይሰማል። አያቴ ጥቂት ይቀዝፍና ጆሮውን ቀና ያደርጋል። «ለሁለት የተሰነጠቀ ጥድ ያየ!»

«እኔ!»

«በየት በኩል?»

«ማንኪያ በምይዝበት እጄ!»

«ጎበዝ። አሁን ቀይ ጣሪያ ያለው የጀልባ ቤት ያየ!»

«እኔ! እኔ!»

«ዓሣ ነባሪ!» አለ ኤስኪል።

«ሐይቅ ውስጥ?» አልኩት።

«ሕፃን ዓሣ ነባሪ ነው» አለኝ።

እንዲህ እያልን ሐይቁን ተሻገርን። እኔ እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ከልጆች ጋር ሽርሽር እንዴት እንደሚደምቅ የሚጽፉ አዋቂዎች አሉ፤ አንዳንዶቹን አንብቤያቸዋለሁ፤ ሥዕል አሥሏቸው፣ ዘምሩ ይላሉ። አንዳቸውም «ከልባችሁ ፈልጓቸው» አይሉም። ልጅ ግን ይህን ያሸታል። አያቴ «ምን ይታይሻል?» ሲለኝ የምመልሰውን በእውነት ይጠብቅ ነበር፤ ሌላው ትልቅ ሰው ሁሉ መልሱን እያወቀ ነው የሚጠይቀኝ።

ከጀልባ ወርደን ጫካው ውስጥ ስንገባ ትንኙ ተቀበለን። አያቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ይሄዳል። ካፒቴን እንዳይጠፋ ነው አለ። ትንሽ እንደ ሄድን ድንገት ቆመና ኮፍያውን አነሳ።

«እንዴት ዋልሽ ጉንቮር! ዓሣው እንዴት ነው?»

ጉንቮር ከሐይቁ ማዶ የምትኖር ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ ናት፤ በእንጆሪ ነገር የዕድሜ ልክ ተፎካካሪው። ዞር ብዬ አየሁ። ጉቶ ነው። ኮፍያ የሚያህል እንጉዳይ አናቱ ላይ የበቀለበት የጥድ ጉቶ።

እኔና ኤስኪል መሬት ላይ ተንከባለልን። «ደግሞ በላት! ደግሞ በላት!»

አያቴ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ። ከዚያ ወደ ጉቶው ጎንበስ ብሎ «ዛሬ ኩርፊያ ነው መሰለኝ» አለ። ሳቃችን ትንኙን አባረረው። ያን ቀን ከልቤ ያመንኩት በዓለም ላይ ከአያቴ የሚበልጥ ቀልደኛ እንደሌለ ነው። አሁንም አምናለሁ፤ ግን በሌላ ምክንያት።

«አሁን ዋናው መጣ» አለ። «የተቀመጠ ድብ የሚመስል ድንጋይ። እሱን ያገኘ ሁለት ቁራሽ!»

ለሁለት ቁራሽ ድቡን ራሱንም አገኝ ነበር። ጥቂት እንደ ሄድን በአረንጓዴ ሽበት የተሸፈነ ትልቅ ድንጋይ አየሁ። ድብ ይመስላል? ድብ እንዲሆን ለሚፈልግ ይመስላል። ላም እንድትሆን ለሚፈልግም ላም ናት።

«አገኘሁት!»

«ርግጠኛ ነሽ? ጆሮ አለው?»

«ሁለት!»

አያቴ ተጠግቶ ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች ዳበሰው። ግንባሩን ቋጠረ። «ከስቷል» አለ።

«ዓሣ ነዋ የሚበላው!» አለ ኤስኪል።

«ይሁን። ከድቡ በግራ፣ ከዚያ ቁልቁል።»

በግራ ታጠፍን፤ መንገዱ ግን ሽቅብ ሆነ። አያቴ እየተነፈሰ ወጣ። «ጉድ ነው፤ ዘንድሮ ቁልቁለቱም ሽቅብ ሆኗል» አለ፤ እኛም እንደገና ሳቅን። ከአናቱ ስንደርስ ነፋሱ የእርጥብ ሣርና የጭቃ ሽታ አመጣ። አያቴ ቆሞ አሸተተ፤ ፊቱ ተፈታ። ጫማዬ ሥር መሬቱ እንደ ፍራሽ ሰመጠና ተመለሰ። ፊት ለፊቴ ያለው ሜዳ ሁሉ በማር ጠብታ የተረጨ ይመስል ነበር።

«ምን ይታይሻል?» አለኝ።

«ብዙ!»

«ብዙ ስንት ነው?»

«አባባ፣ መርገጫ የለም!»

ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት። ትንኝ ነው ብዬ ነበር።

ሦስታችንም ተንበረከክን። አዲስ ጨዋታ አወጣ፤ ጣቱን አንዷ ፍሬ ላይ ያደርግና «ይቺስ?» ይላል፣ እኛ ቀለሟን እንጠራለን። በእጁ ዳብሶ አይለያትም ወይ እንዳትሉኝ። ዕድሜውን ሙሉ አናጺ የነበረ ሰው ነው፤ ጣቶቹ እንደ ጥድ ቅርፊት ደርቀዋል። የበሰለችው ደግሞ በዳበሳ ትፈርሳለች።

«ይቺስ?»

«ቢጫ!»

«ሰማያዊ!» አለ ኤስኪል።

«ይቺስ?»

«ቢጫ!»

«ሰማያዊ!»

«ኤስኪል መልካም ልጅ ነው» አለ አያቴ፤ «ለምስክርነት ግን አይሆንም።»

ከዚያ ጣቱን አንዷ ላይ አደረገ፤ ቀይ ነበረች። እንደ ቁልፍ የጠነከረች፣ ደም የመሰለች ቀይ። ውርርዱ ትዝ አለኝ። ይህቺን «ቢጫ» ብል፣ ቀጣይዋንም፣ ከዚያም የምትቀጥለውን፣ ባልዲው ቀይ ይሆናል፤ አያቴም ነገ ሻንጣውን ይዞ መኪናችን ውስጥ ይገባል። አልጋው ከእኔ አልጋ ጎን። ጥርሱ ብርጭቆ ውስጥ። አፌን ከፈትኩ።

«ቢ…» አልኩ።

ኤስኪል ቀና ብሎ አየኝ። አራት ዓመቱ ነው፤ ዓሣ ነባሪ ሐይቅ ውስጥ ያየ ልጅ ነው፤ ቢሆንም አየኝ። እኔ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትምህርት ቤት የምገባ ሰው ነኝ። ቀለም ተሳሳተች ልባል? በእሱ ፊት?

«ቀይ!» ብዬ ጮኽኩ፤ በንዴት እንባዬ መጣ። «ቀይ ናት! ቀይ!»

«እሺ፣ እንተዋታለን። ምን ያስጮህሻል?»

አያቴን የወደድኩትን ያህል ማንንም አልወደድኩም። ኩራቴ ግን ከዚያም ይበልጥ ነበር፤ ዛሬም ሰዎች ይህን ይነግሩኛል፤ እንደ ስድብ አድርገው ነው የሚነግሩኝ። ቀዩን ቀይ፣ ቢጫውን ቢጫ እያልኩ ሁለቱ ባልዲ ሞላ። በመሃል ረግረጉ የኤስኪልን አንድ ቦቲ ዋጠው፤ አያቴ ክርኑ ድረስ ገብቶ «ቧ!» በሚል ድምፅ አወጣው፤ ኤስኪልም እንደገና ካልተዋጠ ብሎ አለቀሰ። ዳቦአችንን በላን። አያቴ ባልዲዎቹን በጃኬቱና በሹራቡ ሸፈናቸው፤ ዓሣ ፀሐይ አይወድም አለን።

ወደ ጀልባዋ ስንመለስ ዳርቻው ላይ ጉንቮር ቆማለች፤ እውነተኛዋ፣ በአረንጓዴ ካፖርት። እሷም ባልዲ ይዛለች፤ እሷም በሻርፕ ሸፍናዋለች። አያቴ ግን ዛፍ እንደሚያልፍ ሰው በአጠገቧ አለፋት።

«ቶርላይፍ! ሰላምታም ቀረ?»

አያቴ ደርቆ ቆመ። እኔ ነገሩን ላስረዳላት ፈለግሁ።

«ጉቶ መስለሽው ነው!» አልኳት። «ቅድም ደግሞ ጉቶውን አንቺ ነሽ ብሎ ኮፍያውን አነሳለት!»

ሳቅ ጠበቅሁ። ጉንቮር አልሳቀችም። እሱን አየችው፤ ትከሻዬ ላይ ያለውን እጁን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ዓሣ ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«ነበር» አለ አያቴ።

«እኔም ጋ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። «አንቺ ልጅ፣ ስትመለሱ ሐይቁ መሃል ካለችው ደሴት በግራ በኩል አሳልፊው። በቀኝ አለት አለ።» ቀና ብላ ደግሞ ጮክ አለች፦ «ውሃው ስለ ጎደለ ነው ቶርላይፍ! አንተማ ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ እንጂ» አለ።

ካፒቴን ታዛለች እንዴ ብዬ ተቀይሜ ነበር። በግራ ግን አሳለፍኩት። ጉንቮር ያየችውን ለእናቴ ልትነግራት ትችል ነበር፤ በየሳምንቱ በስልክ ያወራሉ። አንዲት ቃል አልወጣትም። ተፎካካሪዋ ከተማ ቢገባ የማንን ባልዲ ትሰልላለች?

ወጥ ቤት ውስጥ እናቴ ሁለቱን ባልዲ ሰፊ ገበቴ ላይ ገለበጠችው። ክፍሉ የማርና የረግረግ ሽታ ሸተተ። እጇን እስከ ታች ሰደደች፣ አገላበጠች፣ እንደገና ሰደደች።

«አንድም ቀይ የለም» አለች።

«እንዲህ ያለ ዓይን ለእኔም በሰጠኝ!» አለ አባቴ፤ በአንድ እፍኝም አፉን ሞላ።

«አባዬ፣ አንተ ነህ የለቀምከው?»

አያቴ ጭማቂ የተለቀለቁ እጆቹን ዘረጋላት። «ይኸው እጄ።»

ይህ ግን አላስቻለኝም። «እኔ ነኝ የመራሁት!» አልኩ። «ጥዱንም ድቡንም ያየሁት እኔ ነኝ! ቀለሙንም የነገርኩት እኔ ነኝ!»

«እሺ የኔ ካፒቴን» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ። እውነትን በሙሉ ድምፄ ተናግሬ ያልታመንኩበት የመጀመሪያው ቀን ነው፤ የመጨረሻው አልሆነም። እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ከመጣን ጀምሮ ቁጭ ስትል ያየኋት ያኔ ነው። ስለ ቤቱም ስለ ጀልባዋም ነገር አልተነሳም።

እኔ ግን በረንዳ ወጥቼ አለቀስኩ። አያቴ የተረፈውን ቸኮላት ይዞ መጣ።

«ካፒቴን ምን ሆነች?»

«ቢጫ አሸነፈ!» ብዬ ውርርዱን በሙሉ ዘረገፍኩለት፤ ሳህኑን፣ ጀልባዋን፣ የእኛን ክፍል። ቸኮላቱን እንደያዘ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ታዲያ እዚያ ረግረግ ላይ ቀዩን ቢጫ ብትዪኝ ኖሮ…»

«ኖሮ እኛ ጋ ነበርክ!»

«ለምንስ አላልሽኝም?»

«ቀይ ስለ ነበረች ነዋ!»

አያቴ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ቸኮላቱን ለሁለት ሰብሮ ትልቁን ለራሱ ወሰደ፤ እንደ እኩያ የተከፋፈልነው ያኔ ነው።

ቀጣዩን ነሐሴም፣ ከዚያ የቀጠለውንም እንደዚያው ሄድን። ነገሩ የፈነዳው አያቴ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የካፖርት መስቀያ ጨብጦ «ባለቤትህ ተሻላት?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ነው። እናቴ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ሐኪም ቤት ወሰደችው። የአንዱ ዓይን ቀዶ ሕክምና ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ያህል ነው የፈጀው። ሁለቱም ሲገለጡለት የመጀመሪያው ንግግሩ «ጉንቮር አርጅታለች» የሚል ነበር።

በተከታዩ ነሐሴ ብቻውን፣ እያፏጨ ቀዝፎ ሄደ። ማታ ሲመለስ ባልዲው ግማሽ ነው። ፍሬው ቢጫ ነው፣ የበሰለ ነው፤ ግን ግማሽ። በማግስቱ ጀልባ ቤቱ ውስጥ ጠራኝና በሩን ዘጋ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

«ያ ይዘሽኝ የምትሄጂው ቦታ የት ነው?»

«ያንተ ቦታ ነዋ።»

«የኔማ ትናንት ሄጄ አየሁት። የኔ ድብ እዚያው ተቀምጧል፣ ወፍራም ነው፣ ቁልቁለቱም ቁልቁል ነው። የኔ ቦታ ጥሩ ሲሰጥ አንድ ባልዲ ነው የሚሰጠው፤ አባቴም ከዚያ በላይ አላገኘበትም። በአንቺ ዘመን ግን ሁለት ሁለት ባልዲ ነበር። ኢንግቪል፣ የት ነበር የወሰድሽኝ?»

ያኔ ገባኝ። የከሳው ድብ። ሽቅብ የሆነው ቁልቁለት። ሁለት ቁራሽ ቸኮላት ስለ ፈለግሁ ማንም የማያውቀው ረግረግ አግኝቻለሁ፤ በዓለም ላይ መንገዱን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። አያቴ አዲሶቹን ሰማያዊ ዓይኖቹን አፍጥጦ ይጠብቃል። ከኪሱ ሙሉ ቸኮላት አወጣ፤ ገና ያልተከፈተ።

ቸኮላቱን አየሁት። አያቴን አየሁት።

«እኔ እንጃ» አልኩ። «ዘንድሮ እዚያም ብዙ አላፈራም ይላሉ።»

መጀመሪያ አፉ ተከፈተ። ከዚያ የጀልባዋን ጎን በመዳፉ እየመታ ሳቀ፤ እናቴ ምን ወደቀ ብላ ከቤት ሮጠች።

ዛሬ አያቴ ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከእኔ የተሻለ ያያል። በየነሐሴው አብረን እንሻገራለን። ማዶ ስንደርስ ሻርፑን ከአንገቱ ፈትቶ ዓይኑን ያስራል፤ የሚያስረው ራሱ ነው። መጀመሪያ ጊዜ «አባባ፣ እኔ እኮ አልጠየቅኩህም» ብዬው ነበር፤ ተቆጣኝ። «እያየሁ ልሂድልሽ? ቦታ ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው?»

ዘንድሮ ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ዘወር ብል ሻርፑ ተንሸራቶ አንዱ ዓይኑ ወጥቷል።

«አባባ፣ ዓይንህ!»

«አውቃለሁ» አለና ጠበቅ አድርጎ አሰረው። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «ነቅተሽ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። ምሪ።»